ብስክሌቴን ማን ይጠግነው?

ጉለሌ ዳገት ነው። በስተሰሜን የሚያዋስነን የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ይላል፤ በከተማችን ደቡብ ምሥራቅ ያለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን በ2,330 ሜትር ግድም ላይ የተዘረጋ ነው። ስለዚህ በሽሮ ሜዳ ወይም በአዲሱ ገበያ አካባቢ የሚኖር ብስክሌተኛ ጧት ከቤቱ ሲወጣ፣ እግሩ ፔዳሉን ገና ሳይረግጥ ምድሪቱ ራሷ ትሸኘዋለች። ማታ ሲመለስ ግን ያንኑ ውለታ ከነወለዱ ታስከፍለዋለች።

ብስክሌትን በቤት መጠገን ይሻላል ወይስ ለጠጋኝ መስጠት? ይህ ጥያቄ እንደ ባሕር ዳር ባለ ሜዳማ ከተማ ሲነሣ የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በእኛ ሰፈር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የፍሬን ጉዳይ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ አራት ኪሎ በብስክሌት እየተመላለስሁ በኖርሁባቸው ዓመታት የደረስሁበትን ሐሳብ ላጫውታችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብስክሌቴን በግቢያችን መሐል ገልብጬ በኮርቻውና በመሪው አቆመዋለሁ። መሣሪያዬ ብዙ አይደለም፤ ሦስት መፍቻ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ የነፋስ መሙያ፣ ማስቲሽ፣ ጥቂት አሮጌ ጨርቅ፣ እንዲሁም ተማሪዎች የሚይዙት የ30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ነው። እግረ መንገዴን ለቋንቋ ተማሪዎች አንድ ነገር ላንሣ። ካቻቢቴና ፒንሳ፣ ጎማና ፍሬን፣ ማስቲሽና ቸርኬ ከኢጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ቃላት ናቸው። ከመነዳሪ የምንለውም በዚያ ቋንቋ «የአየር ክፍል» ማለት ነው። ዕቃው ወደ አገራችን ሲገባ ስሙንም ይዞ እንደ ገባ ከዚህ እንረዳለን።

የተነፈሰ ጎማ በቤት ሊጠገን የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለው የእንስሳት ሐኪም በነፋስ የሚሞላ ጎማ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ሠርቶ በ1888 እ.ኤ.አ. በስሙ ካስመዘገበ ወዲህ፣ የሥራው ጠባይ እምብዛም አልተለወጠም። ከመነዳሪው ይወጣል፤ ነፋስ ተሞልቶ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ይነከራል፤ አረፋ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ቦታው ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ማስቲሽ ይቀባል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ማስቲሹ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ድረስ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል፤ በእርጥቡ የተለጠፈ ልጣፊ መንገድ ላይ ይለቃል። ደግሞም ጎማው ከመመለሱ በፊት ውስጡን በጣት ቀስ አድርጎ መዳሰስ ይገባል፤ የወጋው እሾኽ አሁንም እዚያው ተሰክቶ ይገኝ ይሆናል።

ካቴናውን በማስመሪያ እለካዋለሁ። ከአንዱ ችንካር መሐል እስከ ቀጣዩ ችንካር መሐል ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ሃያው ሲደመር 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ርዝመት 256 ከደረሰ ካቴናው ተበልቷልና ይለወጣል፤ ካልተለወጠ የማርሾቹን ጥርስ ይዞ ይጠፋል። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነገር ለዐይን አይታይም። ጠጋኝ ዘንድ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሄደው አንድ ነገር ከተሰበረ በኋላ ነው፤ በየሳምንቱ በቤቱ የሚለካ ግን ከመሰበሩ በፊት ይደርስበታል።

ስለ ፍሬን ረዘም አድርጌ ልናገር። በክረምት ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ አስፋልቱን ጭቃና አሸዋ ያለብሰዋል። አሸዋው በፍሬኑ ጎማና በቸርኬው መካከል ይገባና ሁለቱንም ይሞርዳቸዋል። በበጋ አንድ ወቅት የሚቆይ የፍሬን ጎማ በክረምት በጥቂት ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። ሽቦውም እንደዚሁ በአንድ ጊዜ አይበጠስም፤ ብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመዱበት ስለሆነ ከመያዣው ሥር አንድ አንድ እያለ ይበጠሳል። ያንን የመጀመሪያውን ክር ማየት የሚችለው ብስክሌቱን ዘወትር የሚዳስሰው ሰው ብቻ ነው።

አንድ ጊዜ ብስክሌቴን መሐል ከተማ ላለ መጠገኛ ቤት ሰጥቼ ነበር። ስረከበው ታጥቦ አብረቅርቋል፤ የፍሬኖቹም ጎማዎች አዲስ ናቸው። ነገር ግን ከበሩ ሳልርቅ ጎንበስ ብዬ ብመለከት፣ የኋላው የፍሬን ጎማ ከፍ ብሎ በመታሰሩ የሚይዘው ቸርኬውን ሳይሆን የመንኰራኵሩን ጎማ ጎን ኖሯል። በሜዳ ላይ ይህ ጥቂት መንጨርጨር ብቻ ያሰማ ይሆናል፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ጎማውን በልቶ ያፈነዳዋል። ሠራተኛው ምናልባት ሜዳ ሰፈር የሚኖር ሰው ነው ብዬ አሰብሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ይጠግነው ማን፣ የፊቱን ፍሬን ይዤ ወደ ፊት ገፍቼ፣ የኋላውን ይዤ ወደ ኋላ ስቤ መንኰራኵሮቹ አለመዞራቸውን ሳላረጋግጥ አልቀመጥበትም።

ይህን ስል የባለሙያን እጅ አቃልያለሁ ማለት አይደለም። በአዲሱ ገበያ አጠገብ ከአንድ አጥር ሥር ላስቲክ ዘርግተው የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። የተጣመመ ቸርኬ ሲቀርብላቸው ሽቦዎቹን በጥፍራቸው እንደ ክራር እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ፤ የላላው ሽቦ ወፍራም፣ የጠበቀው ቀጭን ድምፅ ይሰጣልና። ከዚያም የአንዱን መያዣ ሩብ ዙር ያጠብቃሉ፣ የተቃራኒውን ሩብ ዙር ያላላሉ፤ እንዲህ እያሉ ያቃኑታል። እኔ በግማሽ ቀን የማልጨርሰውን እሳቸው ሻይ እየጠጡ ይጨርሱታል። የግራው ፔዳል ጥርስ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞር መሆኑን ያላወቁ ሰዎች በጉልበት እየታገሉ ያበላሹትን ብስክሌት ሲያመጡላቸውም አንድም ቀን ሲስቁባቸው አላየሁም።

አንድ ቀን፣ «አባባ፣ ቸርኬ ማቃናቱን ቢያስተምሩኝ ምን ይመስልዎታል?» አልኋቸው።

«ቸርኬውን ለእኔ ተው፤ ፍሬኑን አንተው እሰር» አሉኝ።

«ለምን?»

«ቁልቁል ስትወርድ አንተ ነህ እንጂ እኔ እዚህ ቁጭ ብያለሁ።»

ይሁንና ከእሳቸው ጋር ሳስበው የሚከነክነኝ ነገር አለ። ቸርኬ በየቀኑ አይጣመምም፤ የእሳቸው የዕለት እንጀራ የተነፈሰ ጎማ ነው። ሁላችንም ጎማችንን በቤታችን ከለጠፍን፣ ቸርኬያችን የተጣመመ ዕለት እሳቸውን ከዚያ አጥር ሥር እናገኛቸዋለንን? ለዚህ የተሟላ መልስ የለኝም። ለጊዜው ማስቲሹን፣ ከመነዳሪውንና የፍሬን ጎማውን የምገዛው ከእሳቸው ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የመንኰራኵሮቹን ኩሽኔታ ፈትተው ግሪስ እንዲቀቡልኝ እሰጣቸዋለሁ። ይህን ሥራ በቤት መሥራት ይቻላል፤ እኔ ግን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ።

በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መጠሪያ አንዳንድ ጎዳናዎች በተወሰኑ እሑዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ክፍት መሆን ጀምረው ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ከተሠሩት መንገዶች በአንዳንዶቹ ላይ የብስክሌት መሥመር ተከልሏል። ይህን ያየችው የእኅቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ አሮጌውን ብስክሌት ስጠኝና ትምህርት ቤት ልሂድበት» ብላ ያዘችኝ። ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት ነው፤ ትምህርት ቤቷም ከቤታችን በታች፣ ቁልቁለቱ ከሚያልቅበት ነው። እናቷ እንዳልሰጣት ለመነችኝ። እኔም ልጅቱን ሁለቱን ፍሬኖች ፈትተሽ፣ አጽድተሽ፣ መልሰሽ ባሰርሽ ዕለት ትወስጂዋለሽ አልኋት።

ባለፈው ቅዳሜ እጇ በግሪስ ጠቁሮ፣ ከንፈሯን ነክሳ የኋላውን ፈትታ አሰረች። ወደ ኋላ ስቤ ብፈትነው መንኰራኵሩ አልዞረም። የፊተኛው ይቀራታል።