የተበሳ ማርትሬዛ

ወናጎ ያደግን ልጆች «ደረጃ» የሚባለውን ነገር የተማርነው ከቡና ነው። ጉድለቱ ይለቀማል፣ ይቀመሳል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ባሕር ማዶ ደግሞ አሮጌ የሥዕል መጽሔትም እንዲሁ ይመዘናል። እ.ኤ.አ. በ1938 በ10 ሳንቲም ይሸጥ የነበረው አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1፣ ከ10 8.5 ያገኘ አንድ ቅጂው በ2024 6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ምስጢሩ ብዙ እጅ ሳይነካው መቆየቱ ነው።

የእኛ አገር ሰብሳቢ ማርትሬዛ ይፈልጋል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ስለያዘ፣ ቁጥሩ ዕድሜውን አይናገርም። የድሮ ነጋዴ የትከሻ ጌጧን ፈርጦች ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው። አፄ ምኒልክ በራሳቸው መልክ ብር ቢያስመቱም ባላገሩ «ማርትሬዛዬን!» አለ።

አንድ ጓደኛችን ደብተር መግዣ ቢያጣ የአያቱን ማርትሬዛ ገበያ ይዞ ወጣ። ገዢው አገላብጦ አየና «ተበስቷል፤ ለአንጥረኛ ካልሆነ አይረባም» አለው። አያትየው በክር አድርገው አንገታቸው ላይ ያሰሩበት ቀዳዳ ነው እኮ! ማታ ዶርም ውስጥ ተከራከርን። ግማሾቻችን «ሽጠው፤ ደብተር በትዝታ አይገዛም» አልን፤ ግማሾቻችን እምቢ አልን። በመጨረሻ አዋጥተን ደብተሩን ገዛንለት።

እንግዲህ ጓዶች፣ ሰብሳቢ የሚከፍለው ሰው ላልኖረበት ዕቃ ነው። ዋጋውን ከገዢ ስሙ፤ ታሪኩን ግን ከአያቶቻችሁ ሳትሰሙ፣ ሰምታችሁም ሳትጽፉ ገበያ አትውጡ።