ፈቃድና መዝገብ

ጽሑፍን ያቆየ ሁሉ የጽሑፍ ወዳጅ ነበር ማለት አይቻልም። ለዚህ አባባል የእንግሊዞች የተውኔት መዝገብ በቂ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1737 በወጣው ሕግ፣ በኋላም በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን በ1843 በተተካው ድንጋጌ መሠረት፣ አዲስ ተውኔት ለመድረክ ከመብቃቱ በፊት ቅጂው ሎርድ ቻምበርሌን ለሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም መቅረብ ነበረበት። መርማሪው ያነባል፤ ይሰርዛል፤ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ኢብሰንና በርናርድ ሾው እንኳ ለዓመታት የተከለከለ ሥራ ነበራቸው። ሥርዓቱ በ1968 ቢሻርም፣ ከ1824 ወዲህ በፍርሃት የተሰበሰበው ክምችት ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የተመራማሪ ሀብት ሆኗል። ለኅትመት ያልበቃ አጭር ቧልት ሳይቀር በርእሱ ተፈልጎ ይገኛል።

የደብረ ታቦር ሰው ይህን ቤት የሚያውቀው በሌላ ምክንያት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት፣ ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው ከከተሙባት ከመቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቁ። ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ገቡ። ዊልያም ራይት የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1877 ዝርዝራቸውን አሳተመ። ስለዚህ የእኛ ድርሳንና የእነርሱ ተውኔት የአንድ ቤት ንብረት ሆነው ተቀምጠዋል። መዝገብ ዝርፊያን አያጸድቅም፤ የተወሰደብንን በስም ጠርተን እንድንጠይቅ ግን ያስችለናል።

በአገራችንስ? ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የደረሱት የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ልጃቸው ግርማቸው በበኩላቸው «ቴዎድሮስ» የተሰኘ ተውኔት ጻፉ። የአባትና የልጅ ሥራ በስም ተርፎልናል። በየአውራጃው የተጻፈው ግን ስሙም የለ።

በደርግ ዘመን በደብረ ታቦር አውራጃ ተማሪ ሳለሁ የምንጫወታቸው ድራማዎች በደብተር ወረቀት ተጽፈው፣ በካርቦን ተባዝተው ለፈቃድ ይቀርቡ ነበር። ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በአንድ ቢሮ ሣጥን ይቀራል፤ ሌላው በተዋንያኑ እጅ ተበጣጥሶ ያልቃል። ከጋይንት የመጣ አንድ ጓደኛችን የጻፈውን፣ እናቶችን በእንባ ያራጨ ድራማ አስታውሳለሁ። ዛሬ ሁለት የያኔ ተዋንያን ተገናኝተን በርእሱ እንኳ መስማማት አልቻልንም። ደራሲው በሕይወት የለም፤ ጽሑፉም የለም። ሰውየው ሁለት ጊዜ የሞተ ያህል ይሰማኛል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ደራሲ የሹም ፊት እያየ ሊጽፍ አይገባውምና። ሆኖም ፈቃድና መዝገብ አንድ አይደሉም። ፈቃድ «ይህ ይነገር ወይስ አይነገር?» ብሎ ይጠይቃል፤ መዝገብ ግን «ይህ ተነግሯል» ብሎ ይመሰክራል። የመጀመሪያውን ስንጥል ሁለተኛውን አብረን ልንጥል አይገባም።

ሥራውም ከባድ አይደለም። የተውኔቱ ርእስ፣ የደራሲው ስም፣ የታየበት ቦታና ዓመት፣ የተዋንያኑ ዝርዝር፣ ቅጂው ያለበት ሥፍራ፤ ይኸው ነው። በፋርጣም ሆነ በጋይንት፣ በየትምህርት ቤቱ አንድ ወፍራም ደብተርና አንድ ትጉ መምህር ይበቃሉ። የያኔዎቹ ተዋንያን ዛሬ ሸምግለዋል። የሚጠየቁት አሁን ነው።