ሐምራዊው ኬክ

ዱባይ ሲባል አንባቢ ወዲያው የሚያስበው ሰማይ ጠቀሱን ፎቅ ነው። ሳትዋ የሚባለው ሰፈር ግን ሌላ ነው። ሱቆቹ የተጠጋጉ፥ ልብስ ሰፊው ከጠጕር አስተካካዩ ጋራ ግድግዳ የሚጋራበት ሰፈር ሲሆን፥ ከፊሊፒን ደሴቶች ለሥራ የመጡ ብዙ ሰዎች ይገኙበታል። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ታላቅ እኅቴን ልጠይቅ ሄጄ፥ በዕረፍት ቀኗ ይዛኝ የወጣችው ወደዚሁ ሰፈር ነበር። እኅቴ ስድስት ዓመት በሰው ቤት ስትሠራ ያፈራቻት የቅርብ ወዳጇ ፊሊፒናዊት ናትና፥ ከከተማው ሁሉ አብልጣ የምታውቀው እርሷ ያሳየቻትን አንድ ጠባብ ዳቦ ቤት ነው።

የውጪው ሙቀት ፊት ይለበልባል። በሩን ስንከፍት የቅቤና የኮኮናት ሽታ ተቀበለን። በመስተዋቱ ሣጥን ውስጥ በወረቀት የተጋገሩ ትንንሽ ኬኮች ተደርድረዋል፤ የሚበዙት ደማቅ ሐምራዊ ናቸው። ቀለሙ ከምን እንደ መጣ ብጠይቅ፥ ሻጪቱ «ኡቤ» አለችኝ።

ኡቤ ሥሩ የሚበላ፥ ሐረጉ በእንጨት ላይ የሚጠመጠም ተክል ነው። የባዮሎጂ መምህር ነኝና የሳይንስ ስሙን ዐውቀዋለሁ፤ ዲዮስኮሪያ አላታ ይባላል። እኛ በወላይታ ቦዬ የምንለውም የዚሁ ወገን ነው! ፊሊፒናውያን ሥሩን ቀቅለው ይፈገፍጉታል፤ ከዚያም ከወተት፥ ከስኳርና ከቅቤ ጋራ በድስት ጨምረው እስኪጠብቅ ድረስ ሳያቋርጡ ያማስሉታል። ገንፎ ያገነፋ ሰው ክንድ እንዴት እንደሚዝል ያውቃል። ይህን ሐላያ ይሉታል። ባጊዮ በተባለችው ተራራማ ከተማ የካቶሊክ መነኵሲቶች ይህንኑ እየሠሩ በመሸጥ ስማቸው በአገሩ ሁሉ ታውቋል።

እውነቱን ለመናገር፥ ለእኔ ምላስ የኬኩ ስኳር በዝቶበታል። እኔ የወደድሁት ቢቢንግካ የሚሉትን ነው። የሩዝ ዱቄት በኮኮናት ወተት ተለውሶ፥ የሙዝ ቅጠል በተነጠፈበት የሸክላ ዕቃ ውስጥ ይደረግና ከታችም ከላይም ፍም ይደረግለታል። ይኸ የእናቶቻችን ድፎ ዳቦ አይደለምን? እነርሱ ቅጠሉን ከሙዝ፥ እኛ ከኮባ መቍረጣችን ብቻ ነው ልዩነቱ። ከገና በፊት ባሉት ዘጠኝ ቀናት ሕዝቡ ጎሕ ሳይቀድ ቅዳሴ ሰምቶ ሲወጣ፥ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትኩሱን ይገዛል። በሳትዋ ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው፤ ቅጠሉን ግን አልተዉትም።

እስፓኞች ከ1565 ዓ.ም. ጀምሮ (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ገዟቸው፤ በ1898 አሜሪካኖች ተተኩና እስከ 1946 ቈዩ። ኤንሳይማዳ የሚሉት ጥምዝምዝ ዳቦ ከእስፓኝ ደሴት ከማዮርካ የመጣ ነው፤ በወረቀት የሚጋገረው ትንሽ ኬክም የአሜሪካ ነው። የውስጡ ሥር ግን የራሳቸው ነው፤ በእርሱም አላፈሩበትም። የእኔ ተማሪዎች ቦዬ በልተው የመጡ እንደ ሆነ «ዳቦ በላን» ይላሉ።

እኅቴ ኬኩን ዝም ብላ ስታላምጥ ቈየችና፥

«ይኸኮ እማዬ ጓሮ ያለው ነው» አለች።

«ወገኑ ነው፥ እትዬ።»

«ሶዶ ላይ ቢሸጥ ሰው ይገዛል?»

መልስ አጣሁ። ውሏ የሚያልቀው በጥር ነው፤ አሠሪዎቿ ሁለት ዓመት ጨምሪ ይሏታል፤ ቤተሰቡም ቢሆን አፍ አውጥቶ አይናገር እንጂ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የአባታችን ቤት ቈርቈሮ የለበሰው፥ እኔም ዩኒቨርሲቲ የጨረስሁት በእርሷ ገንዘብ ነው። በመምህር ደመወዝ የእርሷን ቦታ ልተካ እንደማልችል ሁለታችንም እናውቃለን። እንግዲህ «ይገዛል፥ ነዪ» ብላትና ባይገዛስ? «አይገዛም» ብላት ደግሞ ያው ሁለት ዓመት ነው።

እርሷ ግን የእኔን መልስ አልጠበቀችም። ወደ ሻጪቱ ዞራ፥ በቀን ስንት ኪሎ ዱቄት እንደምትፈጅ፥ ምድጃውን በስንት ሰዓት እንደምትለኵስ ትጠይቃት ጀመር። ሻጪቱም ቀድሞ በሰው ቤት የሠራች ኖሮ፥ ሁለቱም በየማድ ቤቱ በተማሩት ዐረብኛ ያለ ችግር ተግባቡ። ወንበር ሳበችላት፤ የምድጃውን ዋጋ፥ የኪራዩን፥ በመጀመሪያው ዓመት የከሰረችውን ሳይቀር ነገረቻት። እኅቴ እስክሪብቶዬን ተቀብላ በኬኩ ከረጢት ጀርባ ላይ ቍጥር ትጽፍ ነበር።