አንድ እጅሽን ባዶ አድርጊ

ልጄ፣

ሰኞ ማለዳ መናኸሪያ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ሊሸኝሽ ስለሚመጣ ለብቻችን የምናወራበት ፋታ አይኖርም፤ የምነግርሽን ጻፍኩት። የገንዘቡንና የጓደኛውን ጉዳይ አባትሽ ጨርሶታል፤ አልደግመውም። የኔ ነገር ስለ መውደቅ ነው።

ፋይብሮማያልጂያ በቤተሰብ ውስጥ ይመላለሳል፤ በእኛም ቤት ከኔ አልፎ አንቺ ጋ ደረሰ። እኔን የመረመሩኝ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን መስፈርት ይዘው 18 ቦታ በአውራ ጣታቸው ተጫኑኝ፤ መላ ሰውነቱን ለሚያመው ሰው ከእነዚያ 11ዱ ካመሙት በቂ ነበር። እስከዚያ ድረስ ግማሹ «ብርድ ነው»፣ ግማሹ «ነርቭ ነው» ሲለኝ ኖርኩ። ስሙ ከታወቀ በኋላም ቢሆን ብርጭቆ ከእጅ ማምለጡን፣ ትከሻ ከበር መቃን ጋር መላተሙን፣ ደልዳላ መሬት ላይ መንገዳገዱን ማንም ከሕመሙ አይቆጥርልሽም። «ቀልበ ቢስ» ይሉሻል። አይደለሽም። ሕመሙ ሐሳብሽን ይሻማል፣ እንቅልፉ አያሳርፍሽም፣ ጡንቻሽ ይደርቃል፣ መድኃኒቱም በበኩሉ ያዞርሻል።

የተከራየሽው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ርካሽ ስለሆነ ደስ ብሎሻል፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም። ኮንትራቱ ሲያልቅ ጥቂት ጨምረሽም ቢሆን ዝቅ በይ። እስከዚያው ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን እንዳታነሺ፤ 20 ኪሎ በአንድ ጎን ተንጠልጥሎ ጤነኛውንም ያዘነብለዋል። ሁለት ትንንሽ ጀሪካን በሁለት እጅ መያዝም መፍትሔ አይደለም፤ የደረጃውን መደገፊያ በምን ልትይዢ ነው? ዕቃሽን በጀርባ ቦርሳ አድርጊ፣ አንድ እጅሽን ባዶ አድርጊ፣ ውሃውን የሰፈር ልጅ ከፍለሽ አሸክሚ። ታክሲ ውስጥም «ወራጅ» የምትዪው ተቀምጠሽ ይሁን። ረዳቱ ያጣድፍሽ እንጂ መኪናው ሳይቆም አትነሺ። እሱ በቀን ስንቱን ያጣድፋል።

ዓይንሽ የእግርሽን ሥራ እየሠራ መሆኑን አትርሺ። ፊትሽን ሳሙና ተቀብተሽ ዓይንሽን ስትጨፍኚ ወለሉ የከዳሽ ያህል የምትወዛወዢው ለዚህ ነው። ዳሌሽን ከገንዳው ጋር አስደግፊና ታጠቢ። ቀሚስ በጭንቅላትሽ ስታጠልቂ አልጋው ላይ ተቀመጪ፤ ጨርቁ ፊትሽን የሚሸፍንበት ያ ትንሽ ጊዜ ይበቃል ለመውደቅ። መብራት የሚጠፋበት ከተማ ነውና ባትሪሽ ከትራስሽ ሥር ይደር።

የማታው አሚትሪፕቲሊን ለድብርት የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ለእኛ በትንሽ መጠን ለሕመሙና ለእንቅልፍ ይሰጣል። ፋርማሲ ውስጥ ያለው ቢያፈጥብሽ ቁብ አትስጪው። ግን ከተኛሽበት ብድግ ስትዪ የደም ግፊትሽን ዝቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ እግርሽን አወራጪ፣ ዞር ዞር ማለቱ ሲተውሽ ተነሺ። መጠጥ ከሱ ጋር አይሄድም። ጸበሉን ተጠመቂ፣ ኪኒኑን ግን ሐኪም ሳይነግርሽ አታቋርጪ።

ሁሉንም ነገር ደግሞ በዚህ ሕመም ላይ አትለጥፊ። አንድ ጎንሽ ብቻ ከዛለ፣ ምላስሽ ከተሳሰረ፣ እግርሽ ከደነዘዘ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ። የስኳር፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራም አድርጊ።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ባለሙያዎች መመሪያ ከሕክምናዎቹ ሁሉ በጽኑ የደገፈው የአካል እንቅስቃሴን ብቻ ነው። ስለዚህ ፈርተሽ አትቀመጪ። በእግርሽ ተንቀሳቀሺ፤ ቤት ስትሆኚ ግድግዳ ይዘሽ በአንድ እግር መቆም ተለማመጂ። ቀለል ባለሽ ቀን ግን የሳምንቱን ልብስ በአንዴ አጥበሽ ማግስቱን እንዳትተኚ።

የምፈራልሽ ከደረጃውም ከታክሲውም ይልቅ መደበቅሽን ነው። ሰው እንዳያውቅብሽ ስትዪ ጀበናውን በሚንቀጠቀጥ እጅ ታነሺያለሽ፤ ከጓደኞችሽ እኩል ለመራመድ ስትዪ ኮብልስቶኑ ላይ ትሮጫለሽ። አዲሱ መሥሪያ ቤት ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ንገሪያቸው፤ ሳይነገራቸው ስትንገዳገጂ ቢያዩ «ጠጥታ ነው» ይላሉ። ቡና የማፍላት ተራ ሲደርስሽ «ቆሎውን እኔ ላቅርብ፣ የሚቀዳ ሌላ ይሁን» በያቸው። የሚታጠፈውን ምርኩዝ ሻንጣሽ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ በወጣትነቴ ከዘራ አልይዝም ብለሽ እንዳታወጪው። ማኅሌት ቆመው የሚያድሩት ካህናት መቋሚያ ስለተደገፉ ደካማ ያላቸው ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ባለ ተረከዙን ጫማ እኔ ጋ አስቀርቼዋለሁ፤ ፈልገሽ አትድከሚ። ለውሃ ተሸካሚው ልጅ የሚሆነውን በየወሩ በቴሌብር እልክልሻለሁ፤ ለሌላ ነገር እንዳታውዪው።

እናትሽ