ሰልፉ ለሳተርን ነው

ሎስ አንጀለስ፣ ቅዳሜ ማታ

ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ምሳ በልተን ስንጨርስ ወዳጄ እናቷን ይዘን ግሪፊዝ ኦብዘርቫቶሪ እንድንወጣ ሐሳብ አቀረበች። አመሻሹ ላይ ከባቡር ጣቢያው በትንሿ የከተማ አውቶቡስ ኮረብታውን ወጣን። መግቢያው በነጻ ነው።

ነጻ የሆነው በግሪፊዝ ጄ. ግሪፊዝ ኑዛዜ ነው። ሰውየው የሚመሰገን ዓይነት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ሚስቱን በሽጉጥ መትቶ አንድ ዓይኗን አጥፍቷል፣ ለዚህም ሳን ኩዌንቲን ታስሯል። ከተፈታ በኋላ በማውንት ዊልሰን ቴሌስኮፕ ሰማይን ሲያይ፣ ሰው ሁሉ ይህን ቢያይ ዓለም ይለወጣል ብሎ አመነ። በ1912 ለከተማዋ የማሠሪያ ገንዘብ ሲያቀርብ ግን ብዙዎች የእሱን ስጦታ አንፈልግም አሉ። በ1919 ሞተ፤ በኑዛዜ የተወው ገንዘብ በ1935 በሩን አስከፈተ። የሚስቱን ዓይን ያጠፋ ሰው ለሌላው ሁሉ ማያ ማቆሙን ሳስብ ደስታዬ ሙሉ አይሆንም።

አዳራሹ ውስጥ ትልቁ የፉኮ ፔንዱለም ወዲያና ወዲህ እያለ የተደረደሩትን ችካሎች አንድ በአንድ ይጥላል። መሬት እንደምትዞር ማሳያ ነው። እማማ ጥቂት ቆመው አዩና፣ «ኳሱ ነው እንጂ የሚሄደው» ብለው አለፉ።

ጣሪያው ላይ ባለው የዛይስ ቴሌስኮፕ ከ7 ሚሊዮን ሰው በላይ ተመልክቶበታል። እኔ ግን ሣሩን መረጥኩ። በወር አንድ ቅዳሜ በጎ ፈቃደኞች የየራሳቸውን ቴሌስኮፕ ደርድረው መንገደኛውን ሁሉ ያሳያሉ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የጆን ዶብሰን ዓይነት ናቸው፤ መነኩሴ ሳለ ከወዳደቀ ዕቃ፣ ከመርከብ መስኮት መስታወት ሳይቀር፣ እየሠራ አላፊ አግዳሚውን ያሳይ የነበረው ሰው። ርካሽና ሞተር የሌላቸው ናቸው፤ ትምህርቱም ያለው እዚያው ላይ ነው።

እማማ ተራቸው ደርሶ ዓይናቸውን አስጠጉ። «ሥዕል ለጥፈውበት ነው!»

ልጃቸው ተረጎመች። ፈቃደኛው ሽማግሌ ሳቀና፣ ሳይነኩ ዝም ብለው እንዲያዩ ነገራቸው።

«ውይ፣ ሄደችብኝ!»

«ሳተርን አልሄደችም፤ የቆምንበት መሬት ዞሮ ነው» አላቸው፤ ቱቦውን በእጁ ገፋ አድርጎም መለሰላቸው። ፔንዱለሙ ያላሳመናቸውን ይህ አሳመናቸው።

ከታች ከተማዋ በመብራት ተጥለቅልቃለች። በ1994 የመሬት መንቀጥቀጥ መብራቱን ሲያጠፋው አንዳንድ ነዋሪዎች ሰማዩ ምን ሆኖ ነው ብለው ወደዚሁ ኦብዘርቫቶሪ ደውለው ነበር አሉ። ከዋክብት በዝተውባቸው!

«ቀለበቱ ከምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ እማማ።

«አብዛኛው በረዶ ነው።»

«ታዲያ ፀሐይ አታቀልጠውም?»

ከእኛ ይልቅ ዘጠኝ እጥፍ ተኩል ያህል ከፀሐይ እንደሚርቅ ሲነገራቸው ሌላ ጥያቄ አመጡ፤ ከኋላቸው የቆሙት ልጆች ማጉረምረም ጀመሩ። አውቶቡሳችን ሲመጣ እማማ እንደገና ሰልፍ ይዘው ነበር፤ የሚቀጥለውን ጠበቅን።