ዳዊት ውስጥ የተገኘች ወረቀት

የመሬት ክርክር የሚከታተል ሰው «ተጨማሪ የሰነድ ማስረጃ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ» የምትለውን አቤቱታ ሳያውቃት አይቀርም። ከአንድ ገጽ አትበልጥም። ብዙ ጊዜ የምትጻፈው በችኮላ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከተዘረጋ ጃንጥላ ሥር ነው። አንዳንዴ ግን ከዋናው ክስ ይልቅ የሰውን መሬት የምትወስነው እሷ ናት።

ሕጉ ወረቀትን በጊዜው ይፈልጋል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከሳሽ ክሱን ሲያስገባ የማስረጃውን ዝርዝር አብሮ እንዲያያይዝ ያዛል፤ ቁጥር 223 ነው። በእጁ ያለውን ሰነድ ደግሞ በመጀመሪያው ቀጠሮ ያቀርባል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ወረቀት፣ በቁጥር 137 እና 256 መሠረት፣ ለምን እንደዘገየ በቂ ምክንያት ካልተነገረለት አይገባም። ነገሩ ክፋት አይደለም። ማስረጃ በየቀጠሮው የሚንጠባጠብ ከሆነ ክርክሩ አያልቅም፤ ተከራካሪም የሌላውን መልስ እያየ ወረቀቱን መፈብረክ ይጀምራል። መሬት ላይ ደሞ ይህ ተረት አይደለም፤ በወረዳ ከተማ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት አክስቴ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ስለ ሁለት ቃዳ መሬት ስትከራከር መዝገቧን እየያዝኩ ስለተከተልኳት ነው። መሬቱ በ1989ኙ ሽግሽግ በስሟ የደረሳት ነው። ባሏ ሲሞት አራሽ አልነበራትም፤ ለጎረቤት ሰው በእኩል ሰጠችው። ከዚያ ልጇን ልታስታምም አዲስ አበባ ሄዳ ዓመታት ቆየች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የይዞታ ምዝገባ ሲመጣ መሬቱ ላይ የተገኘው አራሹ ነበር፤ ደብተሩም በሱ ስም ወጣ። ተመልሳ «መሬቴን» ስትለው «የቱን መሬት?» አላት።

በእኩል የሰጠችበት ውል ተጽፎ ነበር። የጻፉት የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ወረቀቱንም «አደራ እሳቸው ጋ ይቀመጥ» ተብሎ እሳቸው ያዙት። ገጠር ውስጥ ወረቀት የሚቀመጠው ማንበብ የሚችል ሰው ቤት ነው፤ ባለቤቷ ምን ታደርገዋለች? መሪጌታው ክሱ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት በፊት አረፉ። አክስቴ ይህንን ለራፖር ጸሐፊው ነግራው ነበር። እሱ ግን «በእጅሽ የሌለ ወረቀት አይጻፍም» ብሎ አራት ምስክርና የግብር ደረሰኞች ብቻ ዘረዘረ። እዚህ ላይ ሰውዬው ተሳስቷል። ያው ቁጥር 223 በእጅ የሌለ ሰነድ እንኳ በማን እጅ እንዳለ ተገልጾ እንዲዘረዘር ያስችላል። ሃምሳ ብር የተከፈለበት አንድ መስመር ቢጨመር ኖሮ ኋላ የመጣው ጣጣ ግማሹ ባልመጣ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ አለፈ። ምስክር ለመስማት ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመሪጌታው ልጅ የአባቱን ዳዊት ሊያስጠርዝ ሲያወጣው ውሉ ተጣጥፎ በገጾቹ መካከል ተገኘ። የደብተር ቅጠል ነው፤ ቀለሙ ወይቧል፤ የአራሹ የጣት አሻራ፣ የሦስት ሽማግሌ ስምና ፊርማ አለበት።

አቤቱታውን እኔው ጻፍኩት፤ ከቃለ መሃላ ጋር። የተከሳሹ ጠበቃ የተቃወመው የሚጠበቀውን ብሎ ነው፦ ጊዜው አልፏል፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ክርክሩን ለማጓተት ነው። እውነት ለመናገር ደካማ መቃወሚያ አልነበረም። ዳኛዋ አክስቴን ቀጥታ ጠየቋት።

«እማማ፣ ይህ ውል እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ጌታዬ።»

ልቤ ቀጥ አለ። «አላውቅም» ብትል ይቀል ነበር መሰለኝ።

«ታዲያ ለምን ቀድመው አላቀረቡም?»

«መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አላውቅማ። የያዙት ሰው ሞቱ። የሰው ዳዊት ገልጬ ልፈትሽ ኖሯል?»

ዳኛዋ ጽፈው ጨረሱና ለሳምንት ቀጠሩን። ብይኑ አጭር ነበር፦ ሰነዱ በከሳሽ እጅ አልነበረም፤ የዘገየውም በቸልታ ወይም በተንኮል አይደለም፤ ስለዚህ ይያያዝ፤ ተከሳሽ ዋናውን አይቶ አስተያየት ይስጥ፤ በዚህ ሰነድ ላይ ብቻ ማስተባበያ ካለውም ያቅርብ።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አክስቴን አናደደቻት። «ለሱም ከፈቱለት እኮ!» አለችኝ ደረጃው ላይ። ሰውዬው በርግጥ ማስተባበያ አመጣ፤ በስሙ የተቆረጡ የአምስት ዓመት የግብር ደረሰኞች። እኔ ግን ብይኑን የወደድኩት በዚህችው ዓረፍተ ነገር ነው። ለአንዱ ወገን ዘግይቶ የተከፈተ በር ለሌላውም ካልተከፈተ መድልዎ ይሆናል። ደግሞም ደረሰኞቹ ሲታዩ ሁሉም ምዝገባው ካለቀ በኋላ የተቆረጡ ናቸው። የአክስቴ ደግሞ ከ1990 ጀምሮ ይቆጠራሉ። ያመጣው ወረቀት የቀን ቅደም ተከተሉን ለኛ አስተካከለልን።

ሌላም ነገር ተከተለ። ሕጉ በቁጥር 145 ፍርድ ቤቱ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ እንዲያስቀርብ ይፈቅዳል። እኛም የሽግሽጉ መዝገብ ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይምጣልን ብለን ጠየቅን። ሦስት ቀጠሮ በ«አልደረሰንም» አለፈ። በአራተኛው መጣ፤ የአክስቴ ስም ከነተራ ቁጥሩ አለ፤ ከጎኑ በሌላ እስክሪብቶ አንድ ሰረዝ ተጋድሞበታል። ማን እንደሰረዘው የሚናገር ፊርማ የለም። የመጣው ባለሙያ «እኔ ስረከብ እንዲሁ ነበር» አለ።

ፍርዱ ለአክስቴ ሆነ። የይዞታ ደብተር ይዞታን ያሳያል ተብሎ ቢገመትም፣ መሬቱን ተከሳሹ የያዘው በውሉ መሠረት አራሽ ሆኖ እንደነበር ሰነዱና ምስክሮቹ አስረድተዋል ይላል። ያቺ ወረቀት ባትገባ ኖሮ አራት ሽማግሌ ምስክር ከአንድ ማኅተም ካለው ደብተር ጋር ይፋጠጡ ነበር። የሚያሸንፈው ማን እንደነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሰውዬው ይግባኝ አለ። ይግባኝ ሰሚው ዘንድ ደግሞ አዲስ ወረቀት ይዞ መጣ፦ መሬቱን ከአክስቴ በስጦታ እንዳገኘ የሚል። በይግባኝ ላይ አዲስ ማስረጃ እንደ ልብ አይገባም። ቁጥር 345 የሚፈቅደው የሥር ፍርድ ቤት መቀበል የሚገባውን ማስረጃ አልቀበልም ብሎ ከሆነ፣ ወይም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ለፍርድ ካስፈለገው፣ ወይም ሌላ ከባድ ምክንያት ካለ ነው። ስጦታው እውነት ከሆነ ወረዳው ላይ ሁለት ዓመት ሲከራከር ለምን አንድ ቀን እንኳ አላነሳውም? ዳኞቹም ይህንኑ ጠየቁት። ጠበቃው ወረቀቱን መለስ ብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ውሳኔው ጸና።

አክስቴ ለመሬቱ ርክክብ እንኳ እንዲህ አልቸኮለችም። ከአፈጻጸሙ በፊት መዝገብ ቤት ሄዳ ዋናውን ውል መልሱልኝ አለች። የመዝገብ ቤቱ ልጅ ግልባጭ አስቀርቶ ለመስጠት ማመልከቻ እንደሚያስፈልግ ነገራት፤ ጻፍኩላት። ወረቀቷን ስትቀበል በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። ቤት አልወሰደቻትም። በቀጥታ ወደ መሪጌታው ልጅ ሄዳ «ከነበረችበት መልሳት» አለችው።