ጽሑፉን ሳንነካ

የአማርኛ ጽሑፍን በኮምፒውተር ልተንትን ብሎ የተነሳ ተማሪ መጀመሪያ የሚሠራው የታወቀ ነው፤ ሆሄያቱን አንድ ያደርጋል። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ። ምክንያትም አለው። አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ሲጽፍ ማሽኑ ሁለት ቃል ይመስለዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን መለወጡ ሳይሆን ዋናውን ጽሑፍ ደምስሶ መለወጡ ነው።

«ፀሐይ ሠረቀች።» የሚለውን እንውሰድ። በሠ ሲጻፍ ወጣች ማለት ነው። በሰ ከለወጥነው በኋላ ፀሐይ ሌባ ሆና ቁጭ! ዋናው ከጠፋ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣው ፕሮግራም ልዩነቱን ከየት ያገኘዋል?

ለመመረቂያ ሥራዬ አራት ክፍሎችን በጃቫ ኮድ አያይዣለሁ፤ ዓረፍተ ነገር ለይ፣ ቃል ለይ፣ ሆሄ አስተካካይ እና ስም ፈላጊ። ቡና ሳይቆላ እንደማይወቀጥ ሁሉ እነዚህም ተራ አላቸው። ለማያያዣ የመረጥኩት ዩኢማን ነው። ዩኢማ አይቢኤም ውስጥ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ አፓቺ የገባ፣ በ2009 ደግሞ የኦኤሲስን ደረጃ ያገኘ ማዕቀፍ ነው።

የወደድኩለት አንድ ጠባይ አለው። ጽሑፉ «ካስ» በሚባለው የጋራ መያዣ ውስጥ አንዴ ከገባ ሥራው እስኪያበቃ ማንም ክፍል አይለውጠውም። እያንዳንዱ ክፍል የሚችለው «ከዚህ እስከዚህ ያለው ቃል ነው» የሚል ምልክት መጨመር ብቻ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ከ0 ጀምረን ስንቆጥር «ሠረቀች» ከ4 ጀምሮ 8 ላይ ያበቃል። ሆሄ አስተካካዩ «ሰረቀች» የሚለውን በዚሁ ምልክት ላይ ይመዘግባል፤ ዋናው ጽሑፍ እንዳለ ይቆያል። ፍለጋ የሚሠራው የተስተካከለውን፣ ትርጉም የሚሠራው ዋናውን ያነባል።

«ምን ታካብዳለህ፣ ሦስት መስመር ኮድ ይበቃል» ያለኝ ጓደኛ አለ። ለአንድ ቀን ሥራ እውነቱን ነው። ነገር ግን ለሌላ ቋንቋ የተሠራ ዓረፍተ ነገር ለይ «ዓ.ም.» ላይ ይቆርጥና አራት ነጥቡን ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ያን ጊዜ ያንን አንዱን ክፍል አውጥቼ ሌላ ስተካ የቀሩት ሦስቱ አይነኩም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለእኛ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ትርጉም አለው። ያለፈው ዓመት ተመራቂ የሠራውን ግንድ አውጪ የዘንድሮው ስም ፈላጊ ሊጠቀምበት የሚችለው ሁለቱ በምልክቶቹ ስምና ይዘት ከተስማሙ ብቻ ነው። ካልተስማሙ ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፤ ሥራውም መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፣ ኮድ ከመጻፋችን በፊት ቁጭ ብለን «ቃል»፣ «ዓረፍተ ነገር»፣ «ስም» የሚሉትን የምልክት ዓይነቶች በአንድ ገጽ እንወስን። ገጹ ለሚቀጥለው ባች ከኮዳችን እኩል ይጠቅመዋል።